ለካ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሞተ ዕቃ የለም። የተጣመመ ቆርቆሮም፣ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃም ገዢውን ይጠብቃል። እኔም ከዚያ አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ገባሁ። መብራት ሲጠፋ ለምናበራት አምፖል ባትሪ መሙያ ልሠራበት ነው።

አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሳገናኘው ማራገቢያው ዞረ። ኩራቴን አትጠይቀኝ! ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት፣ ባትሪውም 12 ቮልት፤ ሒሳቡ ገጥሟል ብዬ አያይዤው ተኛሁ። በማግስቱ ማታ መብራት ሲጠፋ አምፖሏ ብልጭ ብላ ደከመች። ቤተሰቡ ሳቀ። «ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው» አልኩና ሁሉንም ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር ገፋሁት። ወራት እዚያው ከረመ።

አንተስ ወዳጄ፣ አልጋ ሥር የገፋኸው ስንት ነው?

እኔን ከዚያ ያወጣኝ ምክር አይደለም፤ የተዋስኩት የቮልት መለኪያ፣ መልቲሜትር ነው። ለካ «12 ቮልት» የምንለው የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ እንኳ 12.7 ገደማ ነው፤ ለመሙላት ደግሞ እስከ 14.4 ቮልት ይፈልጋል። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። ፓወር ሰፕላዩም አልተበላሸ፣ እኔም ደደብ አልነበርኩም፤ የጎደለን ሁለት ቮልት ከምናምን ነው። ለዚች ነው ወራት ያኮረፍኩት!

መፍትሔው ቤት ውስጥ ነበር፤ ላፕቶፑ የሞተበት የ19 ቮልት ቻርጀር። ከፊቱ ቮልትም አምፔርም የሚያስተካክል አነስተኛ መቀነሻ ቦርድ አስገባሁ። ባትሪውን ሳላገናኝ 14.4 ላይ አቆምኩት፤ አምፔሩን 0.7 ላይ ገደብኩት፤ ባትሪዬ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ነውና አንድ አሥረኛው ይበቃዋል። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄድ የለ? በፕላስ ሽቦው ላይ ፊውዝ ጨመርኩ፤ ሲሞላም እነቅለዋለሁ። ተሰክቶ የሚውል ቢሆን ኖሮ ከ13.8 አላሳልፈውም ነበር።

ድፍረት ግን ጅልነት እንዳይሆን። የፓወር ሰፕላይን ሣጥን አትክፈት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል መስኮት ክፈት። የሊቲየም ባትሪ በዚህ መሣሪያ ፈጽሞ አይሞላም።

አምፖላችን ዛሬ እራት ተበልቶ፣ ልጆች አጥንተው እስኪተኙ ትበራለች። የሳቁብኝም ከሥሯ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ።

እንግዲህ ማታ ጎንበስ በልና ካርቶንህን ሳብ። አቧራውን እፍ በል፤ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብብ። «አይሠራም» ከማለትህ በፊት፣ እባክህ፣ ለካ።