72 ለ65፦ ጋዜጦች የጻፉትና ያልጻፉት የአንድ ቡድን ታሪክ

በስፖርት ዘገባ ክፍለ ጊዜያችን አንድ ጥያቄ ተነስቶ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎት ነበር። «ጋዜጠኛ ስለ አንድ ቡድን ሲጽፍ የተጫዋቾቹን ዘር መጥቀስ አለበት ወይስ የለበትም?» የሚል። ግማሹ ተማሪ «ስፖርት ስፖርት ነው፤ ውጤቱን ጽፎ መውጣት ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ዝም ማለትም እኮ አንዳንዴ ከመዋሸት አይተናነስም» አለ። እኔ ከኋለኞቹ ወገን ነኝ። ምክንያቴን እንዲያው በደፈናው ከማወራ በአንድ የዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ታሪክ ላስረዳ ብዬ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ቡድኑ ከየት መጣ?

ኤል ፓሶ በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ ላይ፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ የምትገኝ በረሃማ ከተማ ነች። በ1914 የማዕድን ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተው የከተማዋ ኮሌጅ ከ1949 ጀምሮ ቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ ይባል ነበር። ከ1967 ወዲህ ደግሞ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኤል ፓሶ ተብሏል። የቡድኑ ቅጽል ስም «ማይነርስ» ነው፤ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ማለት ሲሆን የትምህርት ቤቱን አመጣጥ ያስታውሳል።

በዚያ ዘመን በደቡባዊ አሜሪካ የነጮች የነበሩ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተጫዋች አያሰልፉም ነበር። ቴክሳስ ዌስተርን ግን በ1955 ለጥቁር ተማሪዎች በሩን ከፈተ፤ በ1956 ደግሞ ቻርሊ ብራውን የተባለ ጥቁር ተጫዋች ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ አሰለፈ። አሰልጣኝ ዶን ሃስኪንስ ሥራውን የጀመረው በ1961 ነው። ይህንን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ሃስኪንስ ሲመጣ ጥቁር ተጫዋቾችን እዚያው አግኝቷቸዋል። ከነሱ አንዱ ኖላን ሪቻርድሰን ሲሆን፣ እሱም ራሱ አሰልጣኝ ሆኖ በ1994 የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲን ለሻምፒዮንነት አብቅቷል።

ሃስኪንስ ቀደም ሲል በትናንሽ የቴክሳስ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያሰለጥን ነበር። በኮሌጅ ሳለ የተጫወተው በሄንሪ አይባ ሥር ነው። አይባ ደግሞ በጥብቅ መከላከልና ኳስን በትዕግስት በመያዝ የታወቀ አሰልጣኝ ነበር። ተማሪውም ይህንኑ ይዞ ኤል ፓሶ ገባ።

የ1965-66 የውድድር ዘመን

በዚያ ዓመት ቡድኑ 12 ተጫዋቾች ነበሩት፤ 7 ጥቁሮች፣ 4 ነጮችና 1 የሜክሲኮ ዝርያ ያለው። ቦቢ ጆ ሂል ከዲትሮይት አካባቢ፣ ኦርስተን አርቲስና ሃሪ ፍሎርኖይ ከኢንዲያናዋ ጌሪ፣ ዊሊ ዎርስሊ፣ ኔቪል ሼድና ዊሊ ኬገር ከኒውዮርክ፣ ዴቪድ ላቲን ደግሞ እዚያው ቴክሳስ ካለችው ሂውስተን የመጡ ናቸው።

ቡድኑ 23 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በመጨረሻው መደበኛ ጨዋታ በሲያትል 74 ለ72 ተሸነፈ። የዓመቱ ብቸኛ ሽንፈቱም ይኸው ነበር። በአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር ኦክላሆማ ሲቲን ካሸነፈ በኋላ ሲንሲናቲን በተጨማሪ ሰዓት 78 ለ76 ረታ። ቀጥሎ ከካንሳስ ጋር ሁለት ተጨማሪ ሰዓት ተጫውቶ 81 ለ80 አለፈ። በዚህ ጨዋታ የካንሳሱ ጆ ጆ ዋይት ያስቆጠራት ኳስ እግሩ መስመር ረግጧል ተብሎ ተሽራለች። አያችሁ? የአንድ ጫማ ጉዳይ ነው፤ ያቺ ኳስ ብትጸድቅ ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ቡድን የምንጽፈው አይኖርም ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ዩታን 85 ለ78 ካሸነፈ በኋላ ለዋንጫ ከኬንተኪ ጋር ተገናኘ።

ማርች 19 ቀን 1966

ጨዋታው የተካሄደው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮል ፊልድ ሃውስ አዳራሽ ነው። የኬንተኪው አሰልጣኝ አዶልፍ ራፕ እስከዚያ ቀን 4 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ስመ ጥር ሰው ነበር። ቡድኑ በደረጃ ሰንጠረዡ 1ኛ፣ ቴክሳስ ዌስተርን ደግሞ 3ኛ ነበሩ። የኬንተኪ ተጫዋቾች በሙሉ ነጮች ናቸው። ሃስኪንስ በበኩሉ 5 ጥቁር ተጫዋቾችን በቋሚነት አሰለፈ። ሁለቱ ተቀያሪዎችም ጥቁሮች ስለነበሩ በዚያ ምሽት ለቴክሳስ ዌስተርን ሜዳ የገቡት 7ቱም ጥቁሮች ናቸው።

ገና በጅምሩ ላቲን ኳሷን ከላይ ወደ ታች በኃይል ቅርጫቱ ውስጥ ከተታት፤ ዳንክ የሚባለውን ማለቴ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ደግሞ ሂል በተከታታይ ሁለት ጊዜ ኳስ ነጥቆ ሁለቱንም አገባ። እረፍት የወጡት 34 ለ31 ነው። ኬንተኪ ከዚያ በኋላ ደርሶባቸው አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ጨዋታው 72 ለ65 አለቀ። ሂል 20 ነጥብ አስቆጥሯል። በኬንተኪ በኩል ሉዊ ዳምፒየርና ፓት ራይሊ እያንዳንዳቸው 19 አስቆጠሩ።

እስቲ አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። ኬንተኪ በጨዋታ መሃል 70 ሞክሮ 27 አገባ፤ ቴክሳስ ዌስተርን 49 ሞክሮ 22 ብቻ። ልዩነቱን ያመጣው የቅጣት ውርወራ ነው። ቴክሳስ ዌስተርን ከ34 ውርወራ 28 ሲያገባ ኬንተኪ ከ13 ውርወራ 11 አገባ። ከዚህ የምንረዳው አሸናፊዎቹ በጥቂት ሙከራ፣ በትዕግስትና በእርጋታ የተጫወቱ መሆናቸውን ነው። በዚያ ዘመን ስለ ጥቁር ተጫዋቾች ይወራ የነበረው «መሮጥና መዝለል እንጂ ሥርዓት ያለው ጨዋታ አያውቁም» የሚል ነበር። ይህን ወሬ ከማንም በላይ የሚያፈርሰው የውጤት ሰንጠረዡ ነው። ግን ሰንጠረዡን የሚያነብ ሰው እነማን እንደተጫወቱ ካላወቀ ምን ያደርግለታል?

ጋዜጦቹስ ምን አሉ?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ የወጡት አብዛኞቹ ዘገባዎች ስለ ውጤቱ፣ ስለ ሂል ንጥቂያና ስለ ቅጣት ውርወራው ሲጽፉ፣ 5 ጥቁር ቋሚ ተሰላፊዎች ሻምፒዮን ሲሆኑ የመጀመሪያው መሆኑን አላነሱም። አዳራሽ የነበረው ተመልካች በዓይኑ ያየውን ነገር አንባቢው አላገኘውም። ሃስኪንስ ራሱ «ያሰለፍኩት የተሻሉትን ነው» ከማለት ሌላ ነገር አይጨምርም ነበር። ከድሉ በኋላ ግን የጥላቻ ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ዋናው ዜና ምን እንደሆነ በደንብ ገብቷቸዋል ማለት ነው!

ሁለተኛው ዘገባ የመጣው በ1968 ነው። «ስፖርትስ ኢላስትሬትድ» መጽሔት ጥቁር ስፖርተኞች በኮሌጆች ስለሚደርስባቸው በደል በ5 ክፍል ባወጣው ጽሑፍ ኤል ፓሶን ክፉኛ ተቸ። ዩኒቨርሲቲዎች ጉልበታቸውን ይፈልጋሉ፣ ትምህርታቸው ግን አያስጨንቃቸውም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ጥቁር አትሌቶች በዘር ጉዳይ አንድ ውድድር አንሳተፍም በማለታቸው የስፖርት ድጎማቸውን ተነጥቀዋል። ከነሱ መካከል ቦብ ቢመን ይገኝበታል፤ የእኛ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ 8 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር የዘለለው ቢመን። እንግዲህ ዋንጫው ብቻውን ሁሉን ነገር አላስተካከለም ማለት ነው።

ከዝምታ ወደ ማጋነን

ሦስተኛው ታሪክ በ2006 የወጣው «ግሎሪ ሮድ» የተሰኘው ፊልም ነው። ፊልሙ ዝምታውን ሰበረ፤ ይህ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ሃስኪንስ በመጣ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ እንደወሰደ አድርጎ ያሳያል። እውነቱ በ5ኛው የውድድር ዘመኑ ነው። ቻርሊ ብራውንና እነ ሪቻርድሰንም ቀድመው የነበሩ መሆናቸው ይደበዝዛል። ሎዮላ ሺካጎ በ1963 በ4 ጥቁር ቋሚ ተሰላፊዎች ሻምፒዮን መሆኑንም መርሳት የለብንም። የኤል ፓሶ ልጆች «የመጀመሪያ» የሆኑት 5ቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ጥቁር በመሆናቸው ነው። «የመጀመሪያ» የምትለዋ ቃል ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ በምን የመጀመሪያ? ብሎ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ደቡቡ ቀስ በቀስ ተከፈተ። በ1967-68 ፔሪ ዋላስ ለቫንደርቢልት በመጫወት ኬንተኪ ባለችበት የደቡብ ምሥራቅ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተሰላፊ ሆነ። ኬንተኪ ራሷ በ1969 ቶም ፔይን የተባለውን ጥቁር ተጫዋች አስፈረመች። ሃስኪንስ እስከ 1999 አሰልጥኖ 719 ጨዋታዎችን አሸነፈ፤ በ2008 አረፈ። የ1966ቱ ቡድን በሙሉ ደግሞ በ2007 ቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ገብቷል።

ማጠቃለያ

ወደ ክፍላችን ክርክር ልመለስ። የሰውን ዘር ያለ ምክንያት መጥቀስ ነውር ነው፤ ይህን እኔም አልክድም። በአገራችንም ቢሆን የሰው ማንነት በዘገባ ውስጥ ያለ ቦታው ሲገባ ምን እንደሚያመጣ ለማናችንም አይነገረንም። መለኪያው ግን «ይህ ነገር ቢቀር አንባቢው የሆነውን ይረዳል ወይ?» የሚል ይመስለኛል። በማርች 1966 የነበሩ ዘጋቢዎች አንዲት የተሳሳተ ቁጥር ላይጽፉ ይችላሉ። አንባቢያቸው ግን የሆነውን አላወቀም። ከ40 ዓመት በኋላ ፊልሙ የሆነውን ነገረን፤ ቅደም ተከተሉን ግን አዛባው። አንደኛው ያጎደለው ሌላኛው ያበዛው ለዚህ ነው።

እኛ ነገ ተመርቀን ማይክና ማስታወሻ ደብተር ይዘን ሜዳ ስንወጣ ውጤቱን መጻፍ ማንም አያቅተንም። ከውጤቱ ጀርባ ያለውን ሳናጋንን መጻፍ ነው ከባዱ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ልጆች በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንከራከር። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።