የአባት ሥራና የልጅ ሽረት

በፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት «ውርስ» የሚባለው ምዕራፍ ብዙዎቻችንን የሚያደናግረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የልጅ ክፍል የአባቱን ሥራ ሽሮ የራሱን ሲጽፍ፣ የአባትየው ሥራ ጠፋ ወይስ አለ? የሚለው ነው። መልሱን ከወሎ በተወሰደ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ፣ የአምባሰሏ ውጫሌ ሳይደረስ፣ በሐይቅ ከተማ አካባቢ ሁለት ሐይቆች ይገኛሉ። አንደኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሲሆን የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ሁለተኛው አርዲቦ ነው፤ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ስላለ፣ ሲሞላ ትርፉ በወንዝ ወደ መጀመሪያው ይወርዳል።

አሁን «ሐይቅ» የሚል የአባት ክፍል እንጻፍ። በውስጡም «ጉድለት» የሚል ሥራ እናኑር፤ ይህም በቀን ተንኖ የሚጠፋውን ውኃ ያሰላል። ወደ መሬት የሚሰርገውን ለጊዜው እንተወው። ለገዳሙ ሐይቅ ይህ ይበቃዋል። ለአርዲቦ ግን «መውጫ ያለው ሐይቅ» የሚል የልጅ ክፍል ያስፈልጋል፤ እርሱም «ጉድለት»ን ሽሮ ወንዙ የወሰደውን ይቆጥራል።

ለምሳሌ ያህል ትነቱ 5፣ ወንዙ 2 ቢሆን ትክክለኛው ጉድለት 7 ነው። ልጁ የወንዙን ብቻ ከጻፈ ግን ኮምፒዩተሩ 2 ብሎ ይመልሳል፤ ስሕተት አለ ብሎም አይናገርም። በዚህ ስሌት ተመርቶ የመስኖ ውኃ የሚደለድል ሰው ቢኖር የሌለ ውኃ ያድላል።

መድኃኒቱ የአባትን ሥራ መጥራትና የወንዙን በላዩ መደመር ነው። ጥሪው በጃቫ «ሱፐር.ጉድለት()»፣ በፓይተን «ሱፐር().ጉድለት()»፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ የአባቱን ስም አስቀድሞ «ሐይቅ::ጉድለት()» ነው። በጃቫ «ሱፐር» ተረስቶ «ጉድለት()» ብቻ ቢጻፍ፣ ልጁ ያለ ማቋረጥ ራሱን ስለሚጠራ ለጥሪ የተመደበው ቦታ ሞልቶ ፕሮግራሙ ይቆማል። የአባትን ስሌት ገልብጦ በልጁ ውስጥ መጻፍም አይበጅም፤ ነገ የትነቱ ስሌት ቢሻሻል ግልባጩ እንዳረጀ ይቀራል።

ብዙ ተማሪ የሚስተው ሌላም ነገር አለ። በአባት ክፍል ውስጥ «የነገ_መጠን» የሚል ሥራ ጽፈን ከዛሬው መጠን ላይ «ጉድለት()» እንዲቀነስ ብናዝ፣ ሥራው ለአርዲቦ ሲጠራ የሚሠራው የማን «ጉድለት» ነው? የልጁ ነው። ትእዛዙ የተጻፈው በአባት ቤት ቢሆንም፣ የሚታየው ተጠሪው የየትኛው ክፍል እንደ ሆነ ነው። ጃቫና ፓይተን ይህን ሳይታዘዙ ያደርጉታል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ግን አባትየው ሥራውን «ቨርቹዋል» ብሎ ካልፈቀደ የአባቱ ይሠራል። አሳቡ የቆየ ነው፤ ኖርዌጂያኖቹ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ባቀረቡት ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋ ውስጥ ክፍል፣ ውርስና ቨርቹዋል ሦስቱም ነበሩ።

እንግዲህ የአባት ሥራ በመሻሩ አይጠፋም፤ ጠሪ ይጠብቃል እንጂ። የልጅ ክፍል ስትጽፉ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የአባቱን ሥራ መተካቴ ነው ወይስ መጨመሬ? መተካት ከሆነ አባትየውን ተዉት፤ መጨመር ከሆነ ግን ሳትጠሩት አትለፉ።