ያልተፈለጉ የንግድ ጥሪዎችና የኢንተርኔት ስልክ በናይሮቢ

የኢንተርኔት ስልክ አሠራር

የኢንተርኔት ስልክ ድምፅን በመደበኛው የስልክ መስመር ሳይሆን በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ አገልግሎት ነው። የተናጋሪው ድምፅ ወደ ዲጂታል መረጃ ተቀይሮ በፓኬት (አነስተኛ የመረጃ እሽግ) ይላካል፤ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ተገጣጥሞ እንደገና ድምፅ ይሆናል።

ኬንያ ውስጥ አገልግሎቱ እንዲስፋፋ መንገድ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2009 ሞምባሳ የደረሱት ሲኮምና ቲምስ የተባሉ የባሕር ውስጥ ፋይበር ገመዶች ናቸው። ቀድሞ አገሪቱ ከውጭ ጋር በዋናነት የምትገናኘው በሳተላይት ስለነበር ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ ነበር። ዛሬ ከኢንተርኔት ስልክ ጋር የሚሠራ አውቶማቲክ መደወያ (ቁጥሮችን ከዝርዝር እያነሳ የሚደውል ፕሮግራም) ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ ለሚደውሉ ድርጅቶች የእያንዳንዱን ጥሪ ወጪ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከብዙ ጥሪ ጥቂት ገዢ ቢገኝ እንኳ ያዋጣል።

የሚታየው ቁጥርና የደዋዩ ማንነት

በ020 የሚጀምር ቁጥር የናይሮቢ መደበኛ ስልክ መለያ ነው። በኢንተርኔት ስልክ ግን በተቀባዩ ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር በደዋዩ ሥርዓት ተሞልቶ ከጥሪው ጋር የሚላክ መረጃ ነው። አስተላላፊው ኩባንያ ካላጣራው ሐሰተኛ ቁጥርም ሊያልፍ ይችላል።

በዚህ ምክንያት ቁጥርን ማገድ የሚሰጠው ጥቅም ውስን ነው፤ ደዋዩ በሌላ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ የተደዋዩ ስልክ ቁጥር ከየት ተገኘ የሚለው ነው።

ቁጥሮች የሚሰበሰቡበት መንገድ

በብዙ የናይሮቢ ቢሮዎች መግቢያ ላይ እንግዳ ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና ስልኩን በመዝገብ ይጽፋል። መዝገቡ ክፍት ከሆነ ቀጥሎ የሚመዘገበው ሰው ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ያያል።

በኤም-ፔሳ (በሞባይል ገንዘብ የሚተላለፍበት አገልግሎት) ደግሞ የስልክ ቁጥር እንደ ሒሳብ ቁጥር ያገለግላል። ስለዚህ የከተማዋ ነዋሪ ለዕለት ተዕለት ግብይት ቁጥሩን ሳይሰጥ መዋል ይከብደዋል። ችግሩ የሚጀምረው ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ቁጥር ለሌላ ዓላማ ሲውል ነው።

የሕጉ ጥበቃ

እ.ኤ.አ. የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ እ.ኤ.አ. የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ አፈጻጸሙን ይዘረዝራል። የግል መረጃን ለንግድ ማስታወቂያ ለመጠቀም የባለቤቱ ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ መሠረት ያስፈልጋል። ባለቤቱ ጥሪው እንዲቆም የሚጠይቅበት ቀላል መንገድም ሊኖር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ሙላ ፕራይድ በተባለ የዲጂታል አበዳሪ ላይ የ2,975,000 ሺሊንግ ቅጣት ጥሏል። አበዳሪው ከሦስተኛ ወገን ባገኘው ስምና ስልክ ቁጥር የማስፈራሪያ መልእክት ልኳል፤ ጥሪም አድርጓል። ጉዳዩ የንግድ ማስታወቂያ ባይሆንም፣ ሕጉ ቁጥሩ የተገኘበትንና ጥቅም ላይ የዋለበትን መንገድ እንደሚመረምር ያሳያል።

አቤቱታ ለጽሕፈት ቤቱ ሲቀርብ በ90 ቀናት ውስጥ ተመርምሮ እልባት ማግኘት አለበት። ጥሪው የተደረገበት ቀንና ሰዓት፣ የድርጅቱ ስም እንዲሁም ጥሪው እንዲቆም የተጠየቀበት ማስረጃ ለምርመራው ይረዳሉ። የሚታየው ቁጥር ቢለዋወጥም፣ የሚሸጠው ዕቃ ወይም አገልግሎት የማን እንደሆነ ከታወቀ ተጠያቂውን ማግኘት ይቻላል።