የክትባት ዘመቻ ጥራት በናሙና ሲመዘን

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ፣ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሥጋት ባየለበት ወቅት፣ ኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 59 ወር ለሆነ 15 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ጀመረች። ኩፍኝ ፈጥኖ የሚዛመት በሽታ በመሆኑ ሥርጭቱን ለመግታት ከ100 ሕፃናት 95ቱ መከተብ ይኖርባቸዋል።

የዘመቻ ሪፖርት የተከተቡትን ቁጥር በዕቅድ ለተያዘው የሕፃናት ብዛት በማካፈል ይዘጋጃል። ዕቅዱ ግን በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በመነሣት የሚሰላ ግምት ነው። ግምቱ ካነሰ፣ ሕፃናት ሳይከተቡ ቀርተውም ሪፖርቱ ከመቶ በላይ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ዘመቻው እንዳበቃ ቤት ለቤት ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በፖሊዮ ዘመቻዎች በሚሠራበት ስልት መሠረት፣ ከአንድ አካባቢ 6 መንደሮች፣ ከየመንደሩም 10 ሕፃናት በዕጣ ይመረጣሉ። የሚታየው በጣታቸው ላይ የተቀባው ቀለም ነው። ከ60ው ያልተከተቡት ከ3 ካልበለጡ ዘመቻው አልፏል ይባላል፤ 4 ከሆኑ ግን ጉድለት እንዳለ ተቆጥሮ እርምት ይወሰዳል።

60 ሕፃናት ስለ ሺዎች ሊመሰክሩ ይችላሉን? ጤፍ ገዥ ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ዘግኖ ያያል። ከአፉ ብቻ የዘገነ ግን ይታለላል። ከ5 ሕፃናት 1ዱ በቀረበት አካባቢ፣ ምርጫው በትክክል በዕጣ ከሆነና የቀሩት በአንድ ጎጥ ካልተከማቹ፣ ከ60ው ያልተከተቡት 3 ወይም ከዚያ በታች ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ነው። ስድስት መንደሮች የሚመረጡትም በአንድ ስፍራ የተከማቸ ጉድለት እንዳይሰወር ነው።

ለምሳሌ በየጁቤ ዙሪያ የተሰማራ መዛኝ ቡድን በከተማዋ አቅራቢያ ያሉትን ቤቶች ብቻ ቢያንኳኳ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚኖሩት ሕፃናት ከዘመቻውም ከምዘናውም ይቀራሉ። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ከመኪና መንገድ ለራቁ ጎጦችም ሥጋቱ ያው ነው። ዕጣ የደረሰው ጎጥ ሩቅ ነው ተብሎ በቅርቡ መለወጥ ምዘናውን ከንቱ ያደርገዋል።

መዛኙ በወረርሽኝ ወቅት የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ፣ ርቀቱን ጠብቆ ከደጅ ሆኖ ይጠይቃል። ወላጆችም ያልተከተበ ልጅ ቢኖራቸው ሊሸሽጉት አይገባም፤ የቀረበት ምክንያት ተመዝግቦ በእርምት ዘመቻው እንዲከተብ ይደረጋል እንጂ ማንም አይጠየቅበትም።