ስለ ጌም ላፕቶፕ የሥዕል መንቀራፈፍ፤ ዕቃው ተበላሽቷል ከመባሉ በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

ጌም ላፕቶፕ የሚባለው ኮምፒዩተር ስሙ የጨዋታ ይሁን እንጂ፣ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ገዝቶ የሚወስደው ሁሉ ተጫዋች አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ባለ ፎቶ ቤት፣ የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣው መሐንዲስ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ሁሉም ይህንኑ ዕቃ ይፈልጋሉ። ምክንያቱም ከተራው ላፕቶፕ የሚለየው ለሥዕል ሥራ ብቻ የተመደበ ሌላ ክፍል፣ ማለት ግራፊክስ ካርድ፣ በውስጡ ስላለው ነው። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ከፍ ያለ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ስለዚህ አንድ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ የሚያስረው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ደንበኛው በሳምንቱ ተመልሶ «ሥዕሉ ይንቀራፈፋል፤ የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጣችሁልኝ» ሲል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ፣ ገዢም ዕቃውን ለመመርመር እንደተመቸው ወዲያው መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ ክርክሩ የሚያርፈው፣ ጉድለቱ በርግጥ በዕቃው ውስጥ አለ ወይስ ከአያያዝ የመጣ ነው በሚለው ነጥብ ላይ ነው። ይህን ለይቶ የማያውቅ ባለ ሱቅ፣ ወይ ደኅናውን ዕቃ በብልሽት ስም መልሶ ይቀበላል፤ ወይ የተበላሸውን ደኅና ነው ብሎ ሲከራከር ደንበኛውን ያጣል። በጸሐፊነት በማገለግልበት መደብር የተመላሽ ዕቃዎችን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለ ሆንሁ፣ ካቻቪቴ ሳይነካቸው የዳኑት ላፕቶፖች ተከፍተው ከተጠገኑት እንደሚበዙ ከዚያው መዝገብ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ የአቤቱታውን ቃል ማጥራት ያስፈልጋል። ወጣቶቹ ሁሉንም «ላግ ያደርጋል» ይሉታል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስክሪን ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ እንደ ሲኒማ ፊልም በተራ የሚቀያየሩ ሥዕሎች ድርድር ነው። በሰከንድ 60 ሥዕል እንዲታይ ከተፈለገ፣ ካርዱ አንዱን ሥዕል ሠርቶ ለመጨረስ ያለው ጊዜ ከሰከንድ 1,000 እጅ 16.7 እጅ ብቻ ነው። ከዚህ ሲዘገይ ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ የግራፊክስ ጉድለት የሚባለውም ይህ ነው። ሥዕሉ ሳይቆራረጥ እየፈሰሰ፣ የተጫዋቹ ትእዛዝ ብቻ ዘግይቶ የሚፈጸም ከሆነ ግን ምክንያቱ የኢንተርኔት መስመር ነው። ለዚህ ላፕቶፑም ሻጩም ተጠያቂ አይሆኑም። ኢንተርኔት የማይጠይቅ ጨዋታ ከፍቶ በማየት ሁለቱን ወዲያው መለየት ይቻላል።

ቀጥሎ ደንበኛው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚንቀራፈፈው መቼ ነው? ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ነው ወይስ ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ ከአሥራ አምስትና ከሃያ ደቂቃ በኋላ? ይህ ጥያቄ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ከመጀመሪያው አንሥቶ ቀርፋፋ የሆነ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ኤሌክትሪክ፣ አሠራር ወይም ድራይቨር ነው። ደኅና ጀምሮ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ሙቀት ነው። ስለዚህ ዕቃውን በባንኮኒው ላይ ሰክቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ሃያ ደቂቃ ማሠራት ነው።

ኤሌክትሪኩን እናስቀድም። ጌም ላፕቶፕ በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ 150 ዋትና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል፤ ባትሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 90 ዋት ሰዓት የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካው መሣሪያው በባትሪ ላይ ሲሆን ራሱን እንዲቆጥብ አድርጎ ሠርቶታል። የኤንቪዲያ ካርድ ባላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ «ባትሪ ቡስት» የሚባለው አሠራር ጨዋታውን በሰከንድ ወደ 30 ሥዕል ይወስነዋል። እንግዲህ መብራት በጠፋበት ሰዓት በባትሪ ተሞክሮ ቀርፋፋ ሆኖ ቢገኝ፣ ያ ምርመራ አይባልም።

ከባትሪው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ቻርጀሩ ነው። ከደጀን በኩል የመጣ አንድ ቪዲዮ አቀናባሪ፣ ላፕቶፑ በገዛው በሦስተኛው ወር ከሞት እንደማይሻል ገልጾ፣ ሌላ እንዲለወጥለት አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ዕቃው ሲታይ ቻርጀሩ ከእኛ ጋር የወጣው አይደለም፤ የራሱ ጠፍቶበት አፉ የሚገጥም ሌላ ገዝቷል። በጀርባው «አውትፑት» በሚለው ቃል አጠገብ 20 ቮልት፣ 3.25 አምፔር ተጽፎበታል። ሁለቱ ሲባዙ 65 ዋት ይሆናል። ላፕቶፑ የሚጠይቀው ግን 20 ቮልትና 11.5 አምፔር፣ ማለት 230 ዋት ነበር። ተሰክቶ እያለም ባትሪው እየቀነሰ ይሄድ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛው ቻርጀር ሲሰካለት ቪዲዮው በዚያው ሰዓት ተስተካከለ። ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን ሥራው ይጓደላል። ይህን ማባዛት ማንኛውም ባለ ሱቅ በሒሳብ መኪናው ሊያደርገው የሚችል ነው። በላላ ዲቫይደር ወይም በደከመ ጄኔሬተር ላይ የተሰካ ላፕቶፕም አይመረመርም፤ በቀጥታ ከግድግዳው ይሰካ።

በዚሁ አጋጣሚ የኀይል አሠራሩ መታየት አለበት። አብዛኞቹ ጌም ላፕቶፖች ጸጥተኛ፣ መካከለኛና ሙሉ ኀይል የሚባሉ ሦስት አሠራሮች አሏቸው። ለምሳሌ በሌኖቮ ሌጅን ላይ «ኤፍ ኤን» እና «ኪው» የሚሉት ቁልፎች አብረው ሲነኩ፣ የማብሪያው ቁልፍ መብራት በሰማያዊ፣ በነጭና በቀይ ይቀያየራል፤ ሙሉ ኀይሉ ቀዩ ነው። ሰማያዊ ላይ ተትቶ የተመለሰ ዕቃ አጋጥሞናል።

ከኤሌክትሪኩ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ሥራውን የሚሠራው የትኛው ካርድ ነው የሚለው ነው። በእነዚህ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ውስጥ ሁለት የሥዕል ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘ ትንሹ፣ ሁለተኛው ገንዘብ የተከፈለበት ትልቁ ነው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲል ዊንዶውስ አንዳንድ ፕሮግራም ለትንሹ ይሰጠዋል። ጨዋታው ወይም የቪዲዮ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ «ታስክ ማናጀር» ተከፍቶ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ሲታይ፣ ሁለቱ «ጂፒዩ 0» እና «ጂፒዩ 1» ተብለው ከነስማቸው ይቀርባሉ። ትልቁ ሥራ ፈትቶ ትንሹ ብቻ እየደከመ ከሆነ፣ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ» በሚለው ገብቶ ለዚያ ፕሮግራም «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን መምረጥ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ትልቁ ካርድ ከነጭራሹ በስሙ ካልታየ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው። በ«ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ጽሑፍ ከተገኘ ነገሩ የተረጋገጠ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ከመሸጡ በፊት ዊንዶውሱ እንደገና ሲጫን፣ ሠራተኛው በችኮላ ድራይቨሩን የሚተወው ብዙ ጊዜ ነው። ድራይቨሩ ከላፕቶፑ ወይም ከካርዱ ፋብሪካ ድረ ገጽ ብቻ ይውረድ፤ ኢንተርኔት በሚገኝበት ቀን ለየዓይነቱ አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ ለሱቁ ይጠቅማል። ያገለገለ ዕቃ ለሚያመጡ ነጋዴዎች ደግሞ ሁለት ነገር ላስታውስ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ኤንቪዲያም በዚያው ወር ለጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚያወጣውን ድራይቨር አቁሞ፣ ከዚያ ወዲያ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ እንደሚያወጣ አስታውቋል። እነዚህ ካርዶች ለአሮጌ ጨዋታና ለመጠነኛ ቪዲዮ ያገለግላሉ፤ «ለአዲስ ጨዋታ ይሆናል» ተብለው ሲሸጡ ግን ክርክሩ አብሮ ይሸጣል።

አሁን ወደ ሙቀት እንመለስ፤ ይህ ለእኛ አገር የተለየ ነገር አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየር ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት የዚያኑ ያህል ያንሳል። ፋብሪካዎችም ይህን ያውቁታል። ሌኖቮ በቲንክፓድ ላፕቶፖቹ መመሪያ ላይ፣ እስከ 2,438 ሜትር ድረስ የክፍሉ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ግን ከ31.3 ዲግሪ እንዳያልፍ ጽፏል። ከተማችን ከዚያ መስመር ላይ ናት ማለት ይቻላል። የደጋው ብርድ ይክሰናል፤ ነገር ግን የሚክሰው ላፕቶፑ ብርዱን መሳብ ሲችል ብቻ ነው። አልጋ ላይ በጋቢ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ላፕቶፕ ከሥሩ ያለው የአየር መግቢያ ስለሚታፈን፣ የክፍሉ ብርድ ምንም አይጠቅመውም። በበጋ ወራት የሚገባውም አቧራ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ተነጥፎ እንደ ስጋጃ ይሆናል።

ፕሮሰሰሩ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ፣ የኤንቪዲያ ካርድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ 87 ዲግሪ ሲደርሱ፣ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የካርዱ ሙቀት በዚያው «ታስክ ማናጀር» ውስጥ ይታያል። በሃያኛው ደቂቃ ሙቀቱ እዚህ ደርሶ ፍጥነቱ ከወደቀ፣ ላፕቶፑን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ኋላውን በሁለት ጣት ያህል ከፍ በማድረግ ሙከራው ይደገም። ካልተሻለ ያን ጊዜ ይከፈታል። መሣሪያው ጠፍቶ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይወጣል። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ስለሚያስገባ መተው አለበት። ለብዙ ዓመት በሠራ ዕቃ ላይ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይቀየራል፤ ይህን ግን ልምድ ላለው ሠራተኛ መተው ይሻላል።

ስለ ሴቲንግና ስለ ሜሞሪ በአጭሩ ልለፍ። 2,560 በ1,440 የሆነ ስክሪን ከ1,920 በ1,080 ይልቅ 1.78 እጥፍ ነጥብ ስላለው፣ ካርዱ የሚሠራው ሥራ በዚያ መጠን ይበዛል፤ የጨዋታውን መጠን ዝቅ ማድረግ ማታለል አይደለም። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ላፕቶፕም እኩያውን ሁለተኛ ራም ቢጨምሩለት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

አስመጪዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ካርዱ በስሙ ብቻ አይመዘንም። «አርቲኤክስ 3060» የሚባለው የላፕቶፕ ካርድ እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ60 እስከ 115 ዋት፣ «አርቲኤክስ 4060» ደግሞ ከ35 እስከ 115 ዋት ኤሌክትሪክ ተመድቦለት ይወጣል። ዋቱ ያነሰው ላፕቶፕ ቀጭንና ቀላል ነው፤ በስሙ ግን ከወፍራሙ ጋር አንድ ነው፣ በሥራው አይደርስበትም። ደንበኛ በጓደኛው ላፕቶፕ ላይ ያየውን ፍጥነት በራሱ ላይ ሲያጣ «የተበላሸ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠገን ነገር የለም። ስለዚህ ፕሮፎርማ ሲጠየቅ የካርዱ ዋት በጽሑፍ እንዲገለጽ ማድረግ፣ በሽያጭ ደረሰኙም ላይ የካርዱን ስም፣ ዋቱን፣ የቻርጀሩን ቮልትና አምፔር መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳይድን የሚቀር ዕቃ አለ። ድራይቨሩ በንጽሕና ከተጫነ በኋላ በስክሪኑ ላይ እንግዳ መስመርና የተበታተነ ቀለም የሚታይ ከሆነ፣ ሌላ ስክሪን በገመድ ተያይዞ ይታይ፤ መስመሩ በዚያም ከታየ ጥፋቱ የላፕቶፑ ስክሪን አይደለም። «ዲቫይስ ማናጀር» ካርዱን «ኮድ 43» ብሎ ማቆሙን ከገለጸና ድራይቨሩ ሲለወጥም ይኸው ከተደጋገመ፣ ካርዱ ራሱ ሳይታመም አይቀርም። በላፕቶፕ ውስጥ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ በዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ስለ ሆነ እንደ ራም ነቅሎ መቀየር አይቻልም፤ የቦርዱም ዋጋ የላፕቶፑን ግማሽ ሊበላ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከመጣ ያለ ክርክር ተቀብሎ፣ የሃያውን ደቂቃ ምርመራ ውጤት ከዕቃው ጋር አያይዞ ለአዲስ አበባው አቅራቢ መላክ ነው።