ፈረስን ሳያስፈራሩ በማላመድ ስለ መግራት

የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበረ ሁሉ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፤ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ጌታውና ፈረሱ በአንድ ስም እስኪጠሩ ድረስ ክብራቸው የተያያዘ ሲሆን፤ ያ ፈረስ ገና ግልገል በነበረ ጊዜ በምን ዓይነት ጥበብ እንደ ተገራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ተረሳው ነገር ነው።

የፈረስ ነገር ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። በአገራችን ዛሬም ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ እንዳለ ይገመታል። በደጋው አገር ሰውና እህል ይሸከማል፤ በየከተማው ጋሪ ይስባል፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ስለዚህ ሕዝብ የምታስተዳድሩ ሹማምንትም፤ ከብት የምታረቡ ባለ ሀብቶችም፤ በእናንተና በአሽከሮቻችሁ እጅ ስላለው ስለዚህ እንስሳ አገራር ማወቅ ይገባችኋል።

አስቀድሜ በልጅነቴ ያየሁትን አንድ ነገር ልናገር። አባቴ አንድ መልከ መልካም ዳማ ፈረስ ነበረው። የተገራውም እንደ ሰፈራችን ልማድ ነው። አምስት ጎልማሶች ከበው በገመድ ጣሉት፤ አንዱ ጆሮውን ጨምድዶ ያዘ፤ ሌላው ልጓሙን በግድ አጎረሰው፤ ከዚያም አንድ ደፋር ልጅ ወጥቶበት ላቡ እስኪንጠፈጠፍና ጉልበቱ እስኪብረከረክ ድረስ በታረሰ መሬት ላይ አስሮጠው። ማታ ሲሆን ፈረሱ ራሱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ሁሉም «ተገራ» ብለው ተደሰቱ። በእውነትም ኮርቻ ከተጫነበት በኋላ የታዘዘውን ያደርግ ነበር። ከመስክ ለመያዝ ግን ሁል ጊዜ ሦስትና አራት ልጅ ያስፈልግ ነበር። አንድ ሌሊት አባቴ በጽኑ ታመመና ሐኪም ለመጥራት ፈረሱ ተፈለገ። ለኮ የያዘ ሰው ባየ ጊዜ ፈረሱ ሸሸ፤ እኛም ከመንፈቀ ሌሊት ጀምረን በጭቃ ውስጥ ስንከተለው ጎሕ ቀደደ። በመጨረሻ ጎረቤታችን የሆነች አንዲት መበለት ባዝራዋን እንድታውሰን ተለመነች። ሴትዮዋ ከደጅዋ ቆማ በስምዋ በጠራቻት ጊዜ ባዝራይቱ ከጉሙ ውስጥ ወጥታ በቀጥታ ወደ እርስዋ መጣች። አባቴ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልረሳሁትም። ያችን ባዝራ በገመድ የጣላት ማንም አልነበረም፤ መበለቲቱ ራስዋ ከግልገልነትዋ ጀምራ በእፍኝ ገብስና ጋማዋን በማከክ ያላመደቻት ነበረች። የእኛ ፈረስ ማምለጥ ስላልቻለ ይታዘዝ ነበር፤ የእርስዋ ባዝራ ግን መሄድ ስትችል መጣች።

ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ለማወቅ የፈረስን ተፈጥሮ መመርመር ያስፈልጋል። ፈረስ ሣር በል ነው፤ አውሬ ከሚበላቸው ወገን እንጂ ከሚበሉት ወገን አይደለም። ጥንት በሜዳ ሲኖር ያዳነው ቀንድ ወይም ጥፍር ሳይሆን ፈጥኖ መሸሹ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ዙሪያውን ሁሉ ለማየት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ ከ360 ዲግሪ ወደ 350 የሚሆነውን ያያል። የማያየው ከግንባሩ ፊት በቅርብ ያለውንና ከጅራቱ በስተኋላ ያለውን ነው። እንግዲህ እጁን ዘርግቶ ፊት ለፊት ወደ ግንባሩ የሚመጣ ሰው፤ ወይም ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው የሚደርስ ሰው፤ ፈረሱ ቢሸሸው ወይም ቢረግጠው ጥፋቱ የሰውየው ነው። በጎን በኩል ወደ ትከሻው እየተናገሩ በቀስታ መቅረብ ይገባል።

ይህም አዲስ ትምህርት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ የጦር አለቃና ጸሐፊ ክሴኖፎን ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ፤ ግልገሉ ረኃቡም ጥማቱም የዝንቡም መከራ የሚቀልለት በሰው እጅ መሆኑን እንዲያውቅ ይደረግ፤ በቁጣም ወደ ፈረስ መቅረብ አይገባም ብሎ መክሯል። ልብ አድርጉ፤ ይህ ሰው ፈረስን ለጦር ሜዳ የሚፈልግ ወታደር ነበር እንጂ ከሰልፍ ርቆ የሚኖር ሰው አልነበረም።

ፈረስ የሰውን ሁኔታ ምን ያህል እንደሚመረምር ደግሞ የበርሊኑ ፈረስ ሐንስ አስረድቷል። (ከዚህ በኋላ የምንጠራው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ጌታው ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ መምህር ሲሆን ፈረሱ ሒሳብ ያውቃል ብሎ በቅን ልቡና ያምን ነበር። ፈረሱም ሲጠየቅ መልሱን በሰኮናው መሬት እየመታ ይቈጥር ነበር። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ የምርመራውን ውጤት አወጣ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ባላወቀ ጊዜ፤ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያይ በተጋረደ ጊዜ፤ ሐንስ መመለስ አልቻለም። ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን እጅግ በጥቂቱ ቀና ያደርግ ነበር፤ ፈረሱም ያችን አይቶ ያቆም ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፈረሱ ተዋረደ አለ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሒሳብ የሚበልጥ ነገር ተገኘለት። በ2016 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለፈረሶች የሰው ፊት ፎቶግራፍ ሲያሳዩ፤ የተቈጣ ፊት ባዩ ጊዜ የልባቸው ምት እንደሚፈጥን አገኙ። ስለዚህ ከሰው ተጣልቶ የመጣ ወይም መጠጥ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ወደ ግልገሉ አይግባ፤ አፉ ዝም ቢልም ትከሻው ይናገርበታል።

እዚህ ላይ ከአንድ ስሕተት መጠበቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሞንቲ ሮበርትስ በ1989 በእንግሊዝ ንግሥት በኤልሳቤጥ ፊት ያሳየው አገራር በዓለም ሁሉ ታውቋል። ይኸውም ግልገሉን በክብ አጥር ውስጥ ማባረርና፤ መሸሹን ትቶ ወደ ሰው መዞር ሲጀምር ማባረሩን ማቆም፤ በመጨረሻም ፈረሱ ሰውየውን እንዲከተል ማድረግ ነው። ፈረሱ ከዱላና ከገመድ በመዳኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በ2012 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰው ፋንታ ከሩቅ የምትነዳ ትንሽ የመጫወቻ መኪና ወደ አጥሩ አስገብተው፤ በማስኬድና በማቆም ብቻ ፈረሶችን በዚህ መንገድ ማስተማር እንደሚቻል አሳዩ። መኪና ወዳጅ አይሆንም፤ እንግዲህ ፈረሱ የመረጠው ከመባረር ማረፍን ነው። መውጫ በሌለው አጥር ውስጥ የሚደረግ ምርጫ ምርጫ መባሉ ያጠራጥራል።

እውነተኛ ምርጫ ምን እንደሚመስል ለማየት በኖርዌይ የተደረገውን እንመልከት። ተመራማሪዎች 23 ፈረሶችን ሦስት ምልክት የተሣለባቸው ሰሌዳዎች አስተማሩ። አንዱ «የብርድ ልብስ ይደረግልኝ»፤ ሁለተኛው «ይውለቅልኝ»፤ ሦስተኛው «እንዳለሁ ልሁን» ማለት ነበረ። ፈረሱም የፈለገውን ሰሌዳ በአፍንጫው ይነካል፤ የነካውም ይፈጸምለታል። በ14 ቀን ውስጥ ሁሉም ተማሩ። ዝናብና ብርድ በሆነ ቀን እንዲለብሱ ይጠይቁ ነበር፤ ፀሐይ በሆነ ቀን ደግሞ ልብሱን እንቢ ይሉ ነበር። ይህ ሥራ በ2016 ታትሞ ወጣ። ፈረስ እንቢታው እንደሚሰማለት ባወቀ ጊዜ ለመነጋገር እንደሚተጋ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ግልገሉን ብቻውን መዝጋት አይገባም፤ ፈረስ በመንጋ የሚኖር ስለ ሆነ ብቻውን ሲሆን ፍርሃቱ ይጸናል። አንዲት ረጋ ያለች ባዝራ በአጠገቡ ትሁን። ቦታውም ግልገሉ ከሰው ሊርቅ የሚችልበት ሰፊ ይሁን፤ ረኃብ እንዳያስገድደው ሣር በሌላ በኩል ይቀመጥለት። ገሪው እፍኝ ገብስ ይዞ ይግባና ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ምንም አያድርግ። ይህ ለብዙ ሰው እጅግ አስቸጋሪው ሥራ ነው። ግልገሉ ራሱ መቅረብ ከጀመረ በኋላ ገሪው በጎን ይጠጋ። ግልገሉ ራሱን ከፍ ሲያደርግ፤ ጆሮውን ቀጥ ሲያደርግ፤ ትንፋሹን ሲይዝ፤ ገሪው ባለበት ይቁም፤ ግልገሉ ሳይሸሽ አስቀድሞም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስ። ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህችን እርምጃ ነው የምመርጥ። ግልገሉ «እንቢ» ለማለት መራገጥና መንከስ እንደማያስፈልገው የሚማረው በእርስዋ ነውና።

ግልገሉ በአፍንጫው እጅን ሲነካ፤ ወዲያው አንድ አጭር ቃል ተናግሮ ገብሱን መስጠት ነው። ቃሉ ሁል ጊዜ አንድ ይሁን፤ ገብሱም አይዘግይ፤ ጥቂት ከዘገየ ፈረሱ ስለ ምን እንደ ተሰጠው አያውቅም። ከዚያ ጋማው ከሚያልቅበት፤ አንገቱ ከጀርባው ከሚገጥምበት ቦታ ላይ በጣት ማከክ ይጀመር። ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት በዚያ ነው፤ በፈረንሳይ አገር የካማርግ ፈረሶች ተመርምረው በ1993 እንደ ታወቀውም፤ ያ ቦታ ሲታከክ የልባቸው ምት ይቀንሳል። አንገቱን በመዳፍ ጠፍ ጠፍ ማድረግ ግን የሰው ደስታ ነው እንጂ የፈረስ አይደለም።

ለኮውንም በፊቱ ላይ መወርወር አይገባም። ከፍቶ መያዝና ግልገሉ ራሱ አፍንጫውን እስኪያስገባ መቆየት ነው፤ ቢመልስ አይከተሉት። ግላሱን መጀመሪያ ያሽትተው፤ ቀጥሎ በትከሻው ላይ ተደርጎ ወዲያው ይነሣ፤ ኮርቻውም እንደዚሁ። የኮርቻው ማሰሪያ በአንድ ጊዜ አይጠብቅ። ልጓም የመጨረሻው ነው፤ በደጋ ጠዋት ብረቱን በእጅ ሳያሞቁ ለግልገል ማጉረስ ጭካኔ ነው። ሰው ለመጫን ሲደረስ አንድ ቀላል ልጅ በሆዱ ጀርባው ላይ ጥቂት ይደገፍና፤ ግልገሉ ሳይጨነቅ ይውረድ። የፈረስ አጥንት እስከ አምስትና ስድስት ዓመቱ ድረስ ስለማይጠና፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አይጋለብ፤ ከዚያም በኋላ ሸክሙ ቀስ በቀስ ይጨመር።

«ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። አንዱ ትምህርት ከሩብ ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በየቀኑም መሆን አያስፈልገውም። በ1980 በወጣ አንድ የአሜሪካ ምርመራ በሳምንት አንድ ቀን የሚማሩ ፈረሶች፤ በየቀኑ ከሚማሩት ይልቅ ባነሰ የትምህርት ብዛት ያንኑ ሥራ አወቁ። «ከእጅ የበላ ፈረስ ይባልጋል፤ ይናከሳል» የሚሉም አሉ። ይህ የሚሆነው ገሪው ፈረሱ ኪሱን ሲጎረጉር የሰጠው እንደ ሆነ ነው፤ ራሱን ወደ ፊት አቅንቶ ሲቆም ብቻ ከተሰጠው ጨዋ ይሆናል። በ2010 በፈረንሳይ ወደ ኋላ መራመድን ከተማሩ ፈረሶች መካከል፤ በምግብ የተማሩት ከትምህርቱ በኋላ ሰውን ራሳቸው ይፈልጉ ነበር፤ አለንጋ በማወዛወዝ የተማሩት ግን ልባቸው ይበልጥ ይመታ ነበር።

እርግጥ ነው፤ ሁሉ ነገር ለፈረሱ ፈቃድ አይተውም። ቁስል ሲታጠብ፤ መርፌ ሲወጋ፤ ከገደል አፍ ሲመለስ ፈቃዱ አይጠየቅም። ነገር ግን እግሩን ማንሣትንና አፉን መከፈትን በጤናው ጊዜ የተላመደ ፈረስ በሕመሙ ጊዜ አምስት ሰው አያስፈልገውም። የእንስሳት ሐኪም ወደ መንደሩ ሲመጣም ሥራው ይቀልለታል።

ሹማምንትን በተለይ የምናሳስበው ስለ ቀጠሮ ነው። ጌታው «በዓሉ ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታልና ፈረሱን ገርተህ አቅርብ» ብሎ ካዘዘ፤ አሽከሩ አለንጋ ከማንሣት በቀር ምን ያደርጋል? እንዲህ ባለ ጊዜ ፈረሱን የመታው የጌታው ጥድፊያ ነው። የጋሪ ፈረስም እንዲሁ ነው፤ ገና ጋሪ ያላየ ግልገል በገበያ ቀን ከነጭነቱ እንዲስብ ከማስገደድ፤ አስቀድሞ ባዶውን ጋሪ ከኋላው እየሰማ በሜዳ እንዲሄድ ማድረግ ለመንገደኛውም ሕይወት ይበጃል። ፈረስ ጠባቂ ሲመረጥም ጉልበቱ ብቻ አይታይ፤ ፈረሶቹ ወደ መስክ በተለቀቁ ጊዜ ባዶ እጁን ይግባና ስንቱ ወደ እርሱ እንደሚመጣ ይታይ።

ፈረሱ የሚሸጥ እንደ ሆነ፤ ገሪው የሚጠራበትን ቃልና መታከክ የሚወድበትን ቦታ ለገዢው ነግሮ፤ በመጀመሪያው ቀን አብሮት ቆሞ አንድ እፍኝ ገብስ ከገዢው እጅ እንዲበላ ያድርግ።