ወንጪ ወርዶ ማደር

የተራራው መካከል ለምን ጎደለ

ወንጪ ከአምቦ ከተማ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ተራራ ነው። ከፍታው 3,386 ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ሲታይ ከሌሎቹ የሸዋ ተራሮች ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው አፋፉ ላይ ሲደረስ ነው። መሬቱ በድንገት ወደ ታች ይወርድና ሐይቅ፣ ደሴት፣ የገብስ ማሳ፣ የእንሰት ጓሮና የከብት መስክ በአንድ ላይ ይታያሉ። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,890 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል።

እንዲህ ያለው ስፍራ ካልዴራ (በእሳተ ገሞራ ምክንያት መሬት ወደ ውስጥ ተደርምሶ የሚፈጠር ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ) ይባላል። ከተራራው ሥር ተጠራቅሞ የነበረው ማግማ (በሙቀት የቀለጠ ዐለት) በፍንዳታ ሲወጣ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ የተራራው አናትም ድጋፍ ስለሚያጣ በገዛ ክብደቱ ይደረመሳል። የዝናብና የምንጭ ውሃ በጎድጓዳው ዝቅተኛ ክፍል እየተጠራቀመ ሐይቅ ሆነ።

ከሥር ያለው ሙቀት ግን ጨርሶ አልጠፋም። በዐለት ስንጥቅ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ይሞቅና ፍል ውሃ ሆኖ ይመለሳል። አምቦ ውሃን የሚያፈላው ጋዝም ከጥልቅ መሬት እየወጣ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ወንጪም አምቦም ከየረር እስከ ቱሉ ወለል በተዘረጋው የእሳተ ገሞራና የመሬት ስንጥቅ መስመር ላይ ይገኛሉ። የውሃው አወራረድም ትኩረት የሚስብ ነው። ከወንጪ አካባቢ የሚነሳው የወልጋ ወንዝ ወደ ግቤና ኦሞ ሲሄድ፣ ከጎረቤቱ ከደንዲ ተራራ ሐይቅ የሚወጣው ሁሉቃ በአምቦ በኩል ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል። ጎን ለጎን ከሚገኙት ከሁለቱ ተራሮች የሚነሳው ውሃ አንዱ ቱርካና ሐይቅ፣ ሌላው ሜድትራኒያን ባሕር ይደርሳል።

ወንጪ ከብሔራዊ ፓርክ በምን ይለያል

ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተከልሎ በዋናነት ለዱር እንስሳትና ለተፈጥሮ ጥበቃ የተመደበ መሬት ነው። በኢትዮጵያ የሰሜን ተራሮችና አዋሽ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው ምናገሻ ሱባ ደግሞ የመንግሥት ደን ነው። በሁለቱም ዓይነት ስፍራ ጎብኚ የሚገባው የመንግሥት ወደሆነ ይዞታ ነው።

ወንጪ ግን የገበሬ ቀዬ ነው። በካልዴራው ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ከብት ያግዳል፤ በሐይቁ ደሴት ላይም የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም አለ። እንግዳው የሚሄድበት መንገድ ገበያተኛው፣ ተማሪውና ምእመኑ በየቀኑ የሚመላለሱበት ነው። በዚህ ስፍራ ስለማደር ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ክፍያው፣ አስጎብኚውና የማደሪያው ሥርዓት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከ20 ዓመት በላይ በፊት የአካባቢው ነዋሪዎች በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የኢኮ ቱሪዝም (ተፈጥሮን ሳይጎዳ ነዋሪውን የሚጠቅም ጉብኝት) ማኅበር አቋቁመዋል። አስጎብኚዎች፣ ባለፈረሶችና ጀልባ ቀዛፊዎች በእንዲህ ያለ ማኅበር ሲደራጁ ሥራው በተራ ይከፋፈላል። ተራ ከሌለ አንድ መኪና በቆመ ቁጥር ብዙ ሰው ይሻማል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ተራ ሲኖር ግን ከመንገድ ርቆ የሚኖረውም ድርሻውን ያገኛል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል።

ማደሪያው ምን ዓይነት ነው

ገበታ ለሀገር በተባለው ፕሮጀክት የተሠራው የወንጪ ኢኮ ሎጅ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ሎጅ በተፈጥሮ ስፍራ ውስጥ ተራርቀው የሚሠሩ የእንግዳ ጎጆዎች ስብስብ ነው። ድንኳን ተክሎ ማደር ከዚህ የሚለየው ሙቀቱን፣ ብርሃኑንና ምግቡን እንግዳው ራሱ ይዞ የሚመጣ በመሆኑ ነው። ባዶ የሚመስለው መስክም የአንድ ቤተሰብ የግጦሽ መሬት ሊሆን ስለሚችል፣ ድንኳን የሚተከለው ቦታው የማን እንደሆነ ተጠይቆና ተፈቅዶ ነው።

ሌሊቱ ለምን እንዲህ ይበርዳል

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የወንጪ አፋፍ ከአምቦ ከ6 ዲግሪ በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ቅዝቃዜው ይብሳል፤ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ የሚይዝለት ደመና የለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማለዳ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የካልዴራው ቅርጽም የራሱ ድርሻ አለው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ሌሊት ከአፋፉ በዝግታ እየወረደ ከሥር ይጠራቀማል። ቀን ላይ ሲታይ እጅግ የሚያምረው የሐይቁ ዳር ሜዳ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከሁሉም የባሰ የሚበርድና ጤዛ የሚበዛበት ነው። ድንኳን ለመትከል ከሜዳው ጥቂት ከፍ ያለና ከነፋስ የተከለለ ደልዳላ ቦታ ይሻላል። ከመኝታው ሥር ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍም ከላይ ብርድ ልብስ ከመደረብ ያላነሰ ይጠቅማል፤ የሰውነት ሙቀት በመሬት በኩልም ይወጣልና።

ብርዱ የሚጋብዘው አንድ ከባድ አደጋ አለ፤ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ድንኳን ወይም ወደተዘጋ ክፍል ማስገባት። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ጋዝ) ይወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ፍሙ አመድ የለበሰና ጭሱ የጠፋ መሆኑ ከዚህ አያድንም።

ጉዞው መመለሻው ላይ ለምን ይከብዳል

በሌላ ተራራ ላይ መንገደኛ መጀመሪያ ይወጣል፤ ሲደክመው ይወርዳል። ወንጪ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቁልቁለቱ ጠዋት ጉልበት ሳለ ያልቃል፤ ዳገቱ ከሰዓት በኋላ ለደከመ እግር ይቀራል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከፍታን የለመደ ቢሆንም፣ ከ500 ሜትር በላይ ጨምሮ መውጣቱ ይታወቀዋል። ስለዚህ ብዙ እንግዳ በእግሩ ወርዶ በፈረስ ይመለሳል፤ ባለፈረሱም ልጓሙን ይዞ ከፊት ይመራል።

የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ውሃም እዚህ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ድንችና ጥራጥሬ ከቆላው ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው፤ የማገዶው ፍጆታም በዚያው መጠን ይጨምራል።

ማገዶ ለምን ከደኑ አይቆረጥም

በወንጪ ከፍ ባለው ክፍል አስታ የሚባለው ተክል ይበቅላል። ቅጠሎቹ እንደ መርፌ የቀጠኑና የተጠጋጉ ናቸው። ጉም በላያቸው ሲያልፍ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ቅጠሎቹ ላይ ይያዛሉ፤ ተጠራቅመው ሲከብዱም ወደ መሬት ይንጠባጠባሉ። ዝናብ በሌለበት ማለዳ አስታ ሥር ያለው አፈር ርሶ የሚገኘው በዚህ የተነሳ ነው። ውሃው ወደ መሬት ሰርጎ ምንጮችን ያጠናክራል።

በብርዱ ምክንያት የከፍታ ቦታ ተክል እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ በአንድ ሌሊት እሳት የሚያልቅ ግንድ ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ድንኳን ይዞ የሚሄድ እንግዳ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ምድጃ ከከተማ ይዞ ቢወርድ፣ አለዚያም ነዋሪው ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቆርጦ የሚሸጠውን ማገዶ ቢገዛ ይመረጣል።